ዎርም ድራይቭ ወይስ ሳይድዋይንደር? ስለ አሜሪካ አናጢዎች የመጋዝ ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ቤት ሠሪ አናጢዎች ያንኑ ሁለት በአራት ኢንች የሚባለውን ጣውላ እየቆረጡ በመጋዝ ምርጫ ግን ለሁለት ይከፈላሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥራ የለመደ ሰው ረጅሙንና ከባዱን ዎርም ድራይቭ ይዞ ቨርጂኒያ ቢሄድ የሥራ ባልደረቦቹ ዞር ብለው ያዩታል። ከኒው ዮርክ ቀላሉን ሳይድዋይንደር ይዞ ወደ ሲያትል የሚሄደውም እንዲሁ ነው። በሁለቱም ዳርቻ በግንባታ ሥራ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ጥያቄው ተደጋግሞ ይመጣል። መልሶቹን እነሆ።

ዎርም ድራይቭ ምን ዓይነት መጋዝ ነው?

በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ነው። ልዩነቱ ሞተሩ የተቀመጠበት አቅጣጫና ኃይሉ ወደ ዲስኩ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። በዎርም ድራይቭ ላይ ሞተሩ ከዲስኩ ኋላ፣ ከዲስኩ ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ በቁመቱ ይጋደማል። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ብረት አለ። እርሱ ሲሽከረከር ብዙ ጊዜ ከነሐስ የሚሠራ ጥርሳም ጎማ ያዞራል፤ ጎማው ደግሞ ዲስኩን ያዞራል። ኃይሉ ዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ነው የሚደርሰው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዘይት በተሞላ ሣጥን ውስጥ ነው።

ሳይድዋይንደር ላይ ሞተሩ ከዲስኩ ጎን ተነጥሎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዘንጉም ከዲስኩ ዘንግ ጋር ትይዩ ስለሆነ ኃይሉ በሁለት ተራ ጥርሶች ያለ እጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ አጭር፣ ሰፊና ቀላል ይሆናል። ሁለቱም በብዛት የሚይዙት ዲስክ ሰባት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም 184 ሚሊ ሜትር ነው። የሚቆርጡት ጥልቀትም ቀጥ ባለ ቆረጣ 60 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በዚህ በኩል የሚበላለጡ አይደሉም።

የትኛው አካባቢ የትኛውን ይመርጣል?

በአጭሩ ምዕራቡ ዎርም ድራይቭ፣ ምሥራቁ ሳይድዋይንደር። ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛት የዎርም ድራይቭ አገር ናቸው። ከኒው ኢንግላንድ ግዛቶች እስከ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ድረስ ደግሞ ሳይድዋይንደር ይበዛል። ድንበሩ የት ነው ሲባል አንዳንዱ ሚሲሲፒ ወንዝን፣ ሌላው የሮኪ ተራሮችን ይጠቅሳል። መሐል አገር ላይ ሁለቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ደንብ ሳይሆን ልማድ ስለሆነ ቦስተን ውስጥ ዎርም ድራይቭ የሚወድ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሳይድዋይንደር የሚይዝ አናጢ አይጠፋም።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከታሪኩ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ኤድመንድ ሚሼል የተባለ የኒው ኦርሊንስ ሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሸንኮራ አገዳ የሚቆርጡ ሠራተኞችን ድካም አይቶ በሞተር የሚሠራ መቁረጫ ለማበጀት እንደተነሣ ይነገራል። ለመጀመሪያው ሙከራ የተጠቀመበት ሞተር ከወተት መበጥበጫ ማሽን የተወሰደ ነበር ይባላል። ከጆሴፍ ሰሊቫን ጋር ሆኖ በ1924 ኩባንያ አቋቋመ፤ ያ ኩባንያ ነው በኋላ ስኪልሶው የተባለው። እስከ ዛሬ ድረስ የዎርም ድራይቭ መለኪያ ተደርጎ የሚታየው ሞዴል 77 ገበያ ላይ የዋለው በ1937 ነው። በሌላ በኩል ሲራኪውስ፣ ኒው ዮርክ የነበረው ፖርተር ኬብል የተባለው ኩባንያ መሐንዲስ አርት ኤመንስ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሞተሩ በጎን የሆነውን ቀላል መጋዝ አወጣ። የሳይድዋይንደር ዘር ከዚያ ይመዘዛል።

ሳይድዋይንደር ምሥራቅ ላይ ተወልዶ ምሥራቅ ላይ መቅረቱ አያስገርምም። ዎርም ድራይቭ ግን በደቡብ ተፀንሶ፣ ቺካጎ ውስጥ እየተመረተ፣ ለምን ምዕራብ ላይ ነገሠ? እኔ አጥብቄ የምይዘው ምክንያት የሥራው አደረጃጀት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች መሠራት ጀመሩ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው ሌክዉድ ብቻ ከ1950 እስከ 1953 ባለው ጊዜ 17,500 ያህል ቤቶች ተሠርተውባታል። አናጢው በቁራጭ ሒሳብ ስለሚከፈለው አንዱ ቡድን ግድግዳ ብቻ፣ ሌላው ጣሪያ ብቻ እየሠራ ከቤት ወደ ቤት ይሻገር ነበር። ጣውላው የሚቆረጠው መሬት ላይ ወይም በተዘረጋው ወለል ላይ ነው፤ ማስደገፊያ አምጥቶ ጣውላ ለመጫን ጊዜ የለም። እንዲህ ላለ ሥራ እጀታው ከኋላ የሆነ፣ ረጅም፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚቆርጥ መጋዝ ተስማሚ ነው። አናጢው ብዙ ሳያጎነብስ ከእግሩ ሥር ይቆርጣል።

"በምሥራቅስ ቤት በጅምላ አልተሠራም?" የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሌቪታውን ከ1947 እስከ 1951 ከ17,000 በላይ ቤቶች ተሠርተውባታል። ነገር ግን የገነባት ሌቪት የተባለው ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የራሱ የእንጨት ማዘጋጃ ነበረው፤ ጣውላው በልክ ተቆርጦ ነበር ወደ ግንባታው ቦታ የሚላከው። በቦታው የሚቀረው በአብዛኛው መግጠም ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው የምሥራቅ ግንባታ ደግሞ በትንንሽ ቡድኖች የሚሠራ ነበር። አንዱ አናጢ ግድግዳውንም፣ ጣሪያውንም፣ ደረጃውንም ይሠራል፤ ጣውላውን ማስደገፊያ ላይ ጭኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቆርጣል፤ መጋዙን ይዞ መሰላል ይወጣል። ለእርሱ ቀላል መጋዝ ይሻለዋል።

የእንጨቱ ዓይነትም ይጠቀሳል። በምዕራብ ጠረፍ የሚሠራበት ዳግላስ ፈር ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ነው የሚመጣው። እርጥብ እንጨት ዲስኩን ስለሚይዝ የመጠምዘዝ ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ምክንያት ብቻውን ግን አያሳምነኝም፤ በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ያለው ቢጫ ጥድ ከዳግላስ ፈር የበለጠ ጠንካራ ሆኖ ሳለ በዚያ በኩል ሳይድዋይንደር በደንብ ይሠራበታል።

ከዚያ በኋላ ልማዱን ያቆየው መማማር ነው። ወጣቱ አናጢ ዋናው አናጢ የሚይዘውን ይይዛል። መደብሩ የሚሸጠውን ያከማቻል፤ ጠጋኙም የሚያውቀውን ይጠግናል። ሦስት ትውልድ በዚህ ካለፈ በኋላ ምርጫው እንደ ተፈጥሮ ሆኖ መታየቱ አይቀርም።

ዲስኩ በግራ ወይም በቀኝ መሆኑ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

አዎ፤ ለእኔ ከክብደቱም የበለጠ ይህ ይመዝናል። ዎርም ድራይቭ ዲስኩ በግራ ነው። በቀኝ እጁ የሚይዝ ሰው ጭንቅላቱ ከመጋዙ በስተግራ ስለሚሆን ዲስኩ የእርሳሱን መስመር ሲነካ በቀጥታ ያያል። አብዛኛው ሳይድዋይንደር ዲስኩ በቀኝ ስለሆነ ቀኝ እጁ የሚያይል ሰው ወይ በሞተሩ ላይ አንገቱን ማስገግ፣ ወይ ከፊት ባለው የመስመር ምልክት መተማመን አለበት።

ነገር ግን ሌላም ጎን አለው። አናጢው በግራ እጁ ጣውላውን ይዞ በቀኝ በኩል ያለውን ጫፍ ቆርጦ የሚጥል ከሆነ፣ በሳይድዋይንደር ላይ የመጋዙ ሰፊ ሰሌዳና ሞተሩ የሚያርፉት በሚቀረው፣ በተደገፈው ጣውላ ላይ ነው። በዎርም ድራይቭ ላይ ደግሞ ክብደቱ የሚያርፈው በሚወድቀው ቁራጭ በኩል ነው። ቆረጣው ሊያልቅ ሲል መጋዙን በክንድ መሸከም ያስፈልጋል። ዎርም ድራይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው መጨረሻ ላይ መጋዙ ወደ ቀኝ ሲያጋድልበት የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ዲስኩን በግራ የማድረግ መብት ግን የዎርም ድራይቭ ብቻ አይደለም። በግራ ዲስክ ያላቸው ሳይድዋይንደሮችም ይሠራሉ፤ በተለይ አነስ ባለ ዲስክ የሚሠሩት የባትሪ መጋዞች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ግራኝ ነኝ፤ የትኛው ይሻለኛል?

በቀኝ ዲስክ ያለው ተራው ሳይድዋይንደር። መስመሩን ወለል አድርጎ ያሳይዎታል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ክብደቱ ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት?

የሚቆርጡት ወደ ታች ከሆነ ጥቅም ነው፤ ከትከሻ በላይ ከሆነ ጉዳት ነው። የቀድሞዎቹ ዎርም ድራይቮች ሰባት ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። በማግኒዚየም የተሠሩት ወደ ስድስት ኪሎ ግራም ወርደዋል፤ ከእነርሱም የሚቀልሉ አሉ። የሳይድዋይንደር ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ግራም ነው።

ወለል ላይ የተዘረጋ ኮምፔንሳቶ ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥ ሰው ያን ትርፍ ክብደት አይሸከመውም፤ እንጨቱ ይሸከምለታል። እጁ የሚሠራው መግፋትና መምራት ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ ሆኖ የወራጆችን ጫፍ በተርታ የሚያስተካክል ሰው ግን እያንዳንዱን ግራም ይቆጥራል። በተንጠለጠለ ክንድ ስድስት ኪሎ ግራም መያዝ ከምሳ በኋላ የእጅ አንጓ ሕመም ነው። የደከመ እጅ ደግሞ አደጋ ያመጣል።

ምዕራቦቹ የጣሪያ ወራጅን የሚቆርጡበትን ዘዴ ማየት ይህን ያስረዳል። ወራጆቹን አንድ በአንድ ከመቁረጥ ይልቅ ጎን ለጎን ደርድረው መሬት ላይ እንዳሉ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ይቆርጧቸዋል። ለዚህም አሥር ከሩብ ኢንች ዲስክ የሚይዝ ትልቅ ዎርም ድራይቭ አለ። ከባዱ መጋዝ ምድር ላይ ይቀራል፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የተቆረጠው እንጨት ነው።

ዎርም ድራይቭ ኃይሉ ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል ብቻ። የአሜሪካ ባለ ገመድ መጋዞች ሁለቱም ዓይነቶች 15 አምፔር ላይ ይቆማሉ፤ ከሶኬት የሚስቡት ኃይል እኩል ነው ማለት ነው። እንዲያውም የዎርም ጥርስ እየተንሸራተተ ስለሚሠራ ከኃይሉ ጥቂቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በምትኩ የዲስኩን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋል፤ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,300 ዙር አካባቢ። ሳይድዋይንደሮች ብዙ ጊዜ ከ5,000 በላይ፣ አንዳንዶቹም እስከ 5,800 ይደርሳሉ። ፍጥነቱ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ይጨምራል። ስለዚህ እርጥብ ወይም ወፍራም እንጨት ውስጥ ዎርም ድራይቭ ሳይንገዳገድ ይጓዛል። ደረቅና ቀጭን ጣውላ ላይ ልዩነቱን አያስተውሉትም። ያልተሳለ ዲስክ የገጠመ ሰው ደግሞ የየትኛውም መጋዝ ጉልበት አያድነውም፤ "መጋዜ ደከመ" የሚሉ ብዙዎች መለወጥ ያለባቸው ዲስኩን ነው።

ዘይቱን በየስንት ጊዜ ማየት አለብኝ?

መመሪያው ያዘዘውን ይከተሉ፤ አዘውትሮ መፈተሽ ግን ግዴታ ነው። በጎኑ ያለውን ብሎን ፈትቶ መጠኑን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚጨመረው ለዎርም ጥርስ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ነው፤ ለመኪና ሞተር የሚሆን ዘይት እዚህ ቦታ የለውም። አዲስ መጋዝ ጥርሶቹ እስኪላመዱ ድረስ መሞቁ የተለመደ ነው። ቆይቶም ሣጥኑ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን አቁሞ ዘይቱን ማየት ይገባል። ያገለገለ ዎርም ድራይቭ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ያንን ብሎን ይፍታ። ጥቁር ሆኖ የብረት ብናኝ የሚያብለጨልጭበት ዘይት ካየ ዋጋውን ሳይጠይቅ ይመለስ።

ሃይፖይድ የሚባለውስ?

መልኩ እንደ ዎርም ድራይቭ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ዲስኩ በግራ። የጥርሱ አቀራረጽ ግን የተለየ ሲሆን መንሸራተቱ ይቀንሳል፤ ሣጥኑም የታሸገ ስለሆነ የዘይት ክትትል አይጠይቅም ማለት ይቻላል። ማኪታ የተባለው አምራች በዚህ ዓይነት ይታወቃል። ዘይት መፈተሽ የሚረሳ ሰው ሃይፖይድ ቢገዛ እመክራለሁ።

ዲስክ ስገዛ መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ?

ብዙዎቹ ዎርም ድራይቮች ዲስኩን የሚይዙበት ዘንግ የአልማዝ ቅርጽ አለው። በአሜሪካ የሚሸጡ የሰባት ከሩብ ኢንች ዲስኮች በአብዛኛው መሐላቸው ላይ በመዶሻ ተመትቶ የሚወጣ የአልማዝ ቅርጽ ክፋይ አላቸው። እሱን ሳያስወጡ ዲስኩ አይገጥምም። አዲሱ ዲስክ እንቢ ያላቸው ሰዎች የተሳሳተ ዕቃ የተሸጠላቸው እየመሰላቸው ወደ መደብሩ ይመልሱታል።

ዲስኩን ከታች የሚሸፍነውን መከላከያ በሽብልቅ ከፍተው የሚሠሩ አሉ። ልከተላቸው?

በፍጹም። ይህ በተለይ ፍጥነት በሚጠየቅባቸው የምዕራብ ቡድኖች ዘንድ የቆየ ክፉ ልማድ ነው፤ የተዋጣለት አናጢ ምልክት አድርገው የሚያዩትም አሉ። የታችኛው መከላከያ ዲስኩ ከእንጨቱ ሲወጣ በራሱ እንዲመለስ የተሠራው የሰው ጭን ለማዳን ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብም በራሱ መመለሱን ያዝዛል። ዎርም ድራይቭ ከጠፋ በኋላም ዲስኩ ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል፤ በሽብልቅ የተከፈተ መጋዝ እየዞረ መሬት ላይ ቢቀመጥ ወደ ሰውየው እግር ይሮጣል። ጣውላን በጫማ አፍንጫ ደግፎ እግር አጠገብ መቁረጥም እንዲሁ ነው። ሲያደርጉት የሚታዩት ሰዎች ልምድ ስላላቸው አደጋው አይቀንስም። አለቃዎ "ቶሎ በል" ቢል እንኳን ጣት የሚመልስ አለቃ የለም።

ከሲያትል ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ልዛወር ነው። መጋዜን ልለውጥ?

ወዲያውኑ አይለውጡ። እጅዎ የለመደው መጋዝ ከማንኛውም አዲስ መጋዝ የበለጠ ደኅንነት አለው። በመጀመሪያ አዲሱ ቡድን ጣውላ የሚቆርጠው የት እንደሆነ ይመልከቱ። ማስደገፊያ ላይ፣ መሰላል ላይ፣ ጠባብ በሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ ከሆነ ሳይድዋይንደር መጨመር ያስፈልግዎ ይሆናል። በዲሲ ዙሪያ ያለው የእኛ ሰው ሥራ ብዙው አሮጌ ቤት ማደስ ነው፤ ምድር ቤት ማስተካከል፣ ወለል መቀየር፣ በረንዳ መሥራት። ለዚህ ቀላሉ መጋዝ ይመቻል። በአዲስ መንደር የቤት አጽም የሚያቆም ቡድን ውስጥ ከገቡ ግን ዎርም ድራይቩን ያውጡት፤ ሥራዎን ሲያዩ መገረማቸውን ያቆማሉ።

የባትሪ መጋዞች ልዩነቱን እያጠፉት ነው?

እያደበዘዙት ነው። አሁን ሞተሩ ከኋላ፣ ዲስኩ በግራ የሆኑ የባትሪ መጋዞች ከዲዎልት፣ ከሚልዎኪ፣ ከማኪታና ከስኪልሶው ኩባንያዎች ይገኛሉ። በቅርጽ የምዕራቡን አናጢ ያረካሉ፤ ገመድ ስለሌላቸው ደግሞ መሰላል የሚወጣውን የምሥራቅ አናጢ ይማርካሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ "የዎርም ድራይቭ ዓይነት" ተብለው ይሸጣሉ እንጂ ውስጣቸው የዎርም ጥርስ የለም። የሚጠብቁት የጥርሱን ባሕርይ ከሆነ ዝርዝሩን አንብበው ይግዙ፤ የሚፈልጉት እይታውንና አያያዙን ከሆነ ግን የጥርሱ ዓይነት አያስጨንቅዎ።

በአውሮፓ ለምን አይታይም?

አብዛኛው ቤት በግንብና በኮንክሪት ስለሚሠራ ሁለት በአራት ጣውላ ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥ አናጢ እንደ አሜሪካ አይበዛም። ኤሌክትሪኩም 230 ቮልት ስለሆነ የአሜሪካው መጋዝ እንዳለ አይሠራም። ከዚህም ሌላ በአውሮፓ የተለመዱት መጋዞች ከዲስኩ ኋላ እንጨቱ እንዳይጨብጠው የሚከለክል ቀጭን ብረት አላቸው፤ የአሜሪካዎቹ በአብዛኛው ይህ የላቸውም። ጥራት የሚሻ ሥራ ሲሆን ደግሞ አውሮፓውያን በብረት ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት መጋዝ ይመርጣሉ። ጀርመን ወይም ስዊድን የሚኖር አንባቢ ዎርም ድራይቭ ፍለጋ ባይደክም ይሻለዋል።

አገር ቤት ላለ አናጢ ወንድሜ ዎርም ድራይቭ ልላክለት?

መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁት። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና በር የሚሠራ ከሆነ የሚያስፈልገው የጠረጴዛ መጋዝ ነው። የኮንክሪት ማፍሰሻ ጣውላና ሞራሌ የሚቆርጥ ከሆነ የእጅ ክብ መጋዝ ይጠቅመዋል፤ እሱም ቢሆን በ220 ቮልት የሚሠራ፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ አጠገቡ የሚገኝ ሳይድዋይንደር ይሁን። የአሜሪካው መጋዝ 120 ቮልት ነው፤ በቀጥታ ከሶኬት ቢሰካ ይቃጠላል። 15 አምፔር በ120 ቮልት 1,800 ዋት ስለሆነ፣ ሲነሣ የሚስበው ትርፍ ኃይል ሲታሰብ፣ 3,000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ያ ደግሞ ራሱ ከመጋዙ የከበደ ዕቃ ነው፤ ከአንዱ የግንባታ ቦታ ወደ ሌላው ይዞት ሊዞር አይችልም።

የባትሪ መጋዝ ሊልኩለት ካሰቡ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ የአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ በ120 ቮልት ብቻ ይሠራሉ። ቻርጀሩን ብቻ ለማስነሣት ግን ትንሽ ትራንስፎርመር ይበቃል። ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን የሚሄደው በእጅ ሻንጣ ነው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ለመንገደኛ አይፈቀድም። 18 ቮልት ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ችግር የለበትም። 18 ቮልት ባለ 8 አምፔር ሰዓቱ ግን 144 ስለሚሆን ትኬቱን ሲቆርጡ አስቀድመው ይጠይቁ።